ቡችላዬ ውጭ መሽናት የሚለምደው መቼ ነው?

ሰላም የውሻ ወዳጆች፣ እስቲ ምከሩኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ቤቱ የኪራይ ነው። የ3 ወር ቡችላ አለኝ። ግቢ አወጣዋለሁ፤ ሣር ያሸታል፣ ቢራቢሮ ያባርራል። ልክ ቤት ስንገባ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ!

በዚህ ዕድሜ ቀን ላይ ከ3 ሰዓት በላይ መያዝ እንደሚከብደው አውቃለሁ። ሙሉ በሙሉ ለመልመድም ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴ ዓመት ይፈጃል ይባላል። እሺ፣ እኔ እታገሣለሁ። አከራዬ ግን አይታገሡም!

ከእንቅልፉ ሲነሳና ከበላ በኋላ ወዲያው አወጣዋለሁ። ውጭ ከሸና ቁራጭ ሥጋ አለው። ጎረቤቴ «አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ድፈቀው» ይሉኛል፤ ይሄ ግን ተደብቆ መሽናትን ነው የሚያስተምረው።

የቸገረኝ ሽታው ነው። በበረኪና ባጥበውም እዚያው ቦታ ይመለሳል። እዚህ ገበያ በሚገኝ ነገር ሽታውን ያጠፋ አለ? ሌሊትስ ስንቴ ትነሳላችሁ?