በአይጥ ላይ የተሳካው መድኃኒት በሰው ላይ ለምን አልሠራም?

ጥያቄ (የፋርማሲ ተማሪ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኤምኬ 801 የተባለው የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ማገጃ (ኤንኤምዲኤ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያነቃቃውን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ከሚቀበሉት ተቀባዮች አንዱ ነው) እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይጦች ላይ የሚጥል በሽታን መንቀጥቀጥ በኃይል እንደገታ አንብቤአለሁ፤ ሆኖም የሕመምተኞች መድኃኒት ለመሆን አልበቃም። የእንስሳቱ ውጤት ያን ያህል ተስፋ ሰጪ ከነበረ፣ ያሰናከለው ምንድን ነው?

መልስ (የመድኃኒት ተመራማሪ)፦
እ.ኤ.አ. በ1989 ጆን ኦልኒና ባልደረቦቹ እነዚህ ማገጃዎች በአይጥ አንጎል አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ጉዳት እንደሚያስከትሉ ማሳየታቸው ብርቱ ስጋት ፈጥሮ ነበር። እኔ ግን ይበልጥ ሊያስተምረን የሚገባው የሙከራ እንስሳው ምርጫ ነው እላለሁ። ቀደምት ሙከራዎች የተደረጉት በአብዛኛው በሽታው በሌለባቸውና በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ለጊዜው ብቻ እንዲንቀጠቀጡ በተደረጉ እንስሳት ላይ ነበር። በጀርመን እነ ቮልፍጋንግ ሎሸር አንጎላቸው በተደጋጋሚ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ቀስ በቀስ ለመንቀጥቀጥ የተጋለጠ አይጦችን ሲመረምሩ ግን፣ የመድኃኒቶቹ ፈዋሽነት አነስተኛ ሆኖ የጠባይ መዛባቱ ከጤነኞቹ አይጦች ይልቅ ብሶ ታየ። በሰውም የደረሰው ይኸው ነው፤ ዲ-ሲፒፒ-ኢን የተባለው የኤንኤምዲኤ ማገጃ፣ በሽታቸው ለሌሎች መድኃኒቶች አልበገር ባለ ጥቂት ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር፣ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ከዚያ የበለጠ መጠን ችለውት ሳለ፣ ሕመምተኞቹ በመደናገርና ሚዛን በማጣት ተቸግረው ሁሉም ሙከራውን አቋረጡ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። የታመመ አንጎል ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ ከጤነኛው የተለየ መሆኑን አይጦቹ አስቀድመው ነግረውን ነበር።

መልስ (የነርቭ ሕክምና ባለሙያ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የግሉታሜት መንገድ ጨርሶ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ሌላውን የግሉታሜት ተቀባይ፣ ማለትም ኤኤምፒኤን፣ የሚያግደው ፔራምፓኔል እ.ኤ.አ. በ2012 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል። እርሱም ቢሆን ብርቱ ቁጣና ጠበኝነት ሊያስከትል ስለሚችል ቤተሰብ የታካሚውን ጠባይ በቅርብ መከታተል ይገባዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ የኤንኤምዲኤ ማገጃዎች በዚህ በሽታ ሕክምና ምንም ቦታ የላቸውም ማለት ነው?

መልስ (የነርቭ ሕክምና ባለሙያ)፦
አላቸው፤ እሱም የእንስሳት ምርምር ፍሬ ነው። መንቀጥቀጡ ሳያቋርጥ ሲረዝም፣ መንቀጥቀጥን ለማስቆም የሚሰጠው ዲያዜፓም የሚሠራባቸው፣ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያረጋጉት የጋባ ተቀባዮች ከነርቭ ሕዋሱ ገጽ ወደ ውስጥ እየገቡ ሲቀንሱ፣ የኤንኤምዲኤ ተቀባዮች በአንጻሩ በገጹ ላይ እንደሚበዙ በአይጦች ታይቷል። ዲያዜፓም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ የሚደክመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕመምተኛው በቶሎ እንዲታከም አጥብቀን የምንወተውተውም ለዚሁ ነው። ለሌሎች መድኃኒቶች አልበገር ላለ መንቀጥቀጥ፣ የኤንኤምዲኤ ማገጃ የሆነው ኬታሚን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በቅርብ ክትትል ሥር ይሰጣል።