ልጄ ራሷን በሰው ዓይን መመዘን ጀምራለች

ጥያቄ፦
የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከምትነሣቸው ፎቶዎች አብዛኞቹን እየነቀፈች ታጠፋለች፤ ትወደው የነበረውን ዋናም «ሰው ያየኛል» ብላ ትታዋለች። ማስታወቂያውና የሙዚቃ ቪዲዮው ሴትን በገላዋ ብቻ ሲመዝን እያየች ማደጓ ይመስለኛል። ስልኳን ብወስድባት ይበቃል?

መልስ 1፦
«ሰው ያየኛል» ማለቷን ቀለል አድርገው አይዩት። እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሬድሪክሰንና ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ የሴቶች ገላ ዘወትር እንደ ዕቃ ሲገመገም የምታይ ልጅ የገምጋሚውን ዓይን የራሷ ታደርገውና ከውጭ ሆና ራሷን መከታተል ትጀምራለች። ይህ ክትትል ሐሳብን ይሻማል፤ በ1998 በታተመ ሙከራ፣ የዋና ልብስ ለብሰው ሒሳብ የተፈተኑ ሴት ተማሪዎች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት ሲያመጡ በወንዶቹ ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም። ተፈታኞቹ እያንዳንዳቸው በክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን እንደነበሩ ልብ ይበሉ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ግብረ ኃይልም በ2007 ባወጣው ዘገባ ጉዳዩን ከአመጋገብ መዛባት፣ ለራስ ከሚሰጥ ዝቅተኛ ግምትና ከድባቴ ጋር አያይዞታል። ምግብ መሸሽ ከጀመረች ግን ሳይዘገይ ሐኪም ይያት።

መልስ 2፦
እኔ ስልኩን ወስጄ ነበር፤ ልጄ ከዚያ የተማረችው መደበቅን ብቻ ነው። የጠቀመን አብሮ ማየት ሆነ። «የሚሸጡት ጫማ ከሆነ የልጅቷን ገላ እንዲህ ማሳየቱ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ስጠይቃት፣ በሳምንቱ እሷ ራሷ እያወጣች ታሳየኝ ጀመር። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ መስታወት ፊት ቆሜ «ወፈርኩ» ማለትን መተው ነበር፤ ለካ ትሰማኝ ኖሯል።

መልስ 3፦
አባት እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። «ተሸፈኚ» የሚለው ምክር በቅን ልቦና ቢሰጥም ገላዋን የጥፋቱ መነሻ ያደርገዋል፤ እሷም ይበልጥ ራሷን በሰው ዓይን ትከታተላለች። በእኔ እምነት የሚሻለው ገላዋ ስለሚሠራው ነገር፣ ማለትም ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ጉልበቷና ስለ ፍጥነቷ ማውራት ነው። በሴት ልጅ መልክ ላይ የሚቀልዱ ወንዶች ልጆቻችንንም በዝምታ ማለፍ የለብንም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቁመናዋን እዩልኝ፣ ሞዴል ነው የምትሆነው» እያልኩ የማስቆማት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ማታ ስለ ዋናው ስጠይቃት በዚህ እጀምራለሁ።