«እሳት ሲነካው እርጥበቱ ጨመረ» ይባላል? እርጥብ፣ ራሰ፣ ሰረገ

ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። የቤት ምሰሶና አግዳሚ እንጨት በእሳት ጊዜ እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ ማሠልጠኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። እንዲህ ጻፍኩ፦ «እሳቱ እየገፋ ሲሄድ ከከሰለው ክፍል ኋላ ያለው እንጨት እርጥበቱ ጨመረ።» አርታዒው «እሳት ያደርቃል እንጂ ያረጥባል እንዴ?» ብሎ በቀይ ሰረዘው። ምንጩ ግን እንደዚያው ነው የሚለው። «እርጥበት» ልበል፣ «ውሃ» ልበል ወይስ «ወዝ»? ወደ ውስጥ የሚሄደውስ «ሸሸ» ነው ወይስ «ሰረገ»?

ዘዲማ፦
ወዝን ተዪው፣ ወዝ የፊትና የቅባት ነው። እርጥብ ከግእዙ ረጥበ፣ ርጡብ የመጣ ነው። ሉቃስ 23፥31ን አስቢ፤ ጌታ ወደ ቀራንዮ ሲሄድ ለሚያለቅሱት ሴቶች ስለ እርጥቡና ስለ ደረቁ እንጨት የነገራቸውን። እዚያ ርጡብ የተባለው ዝናብ የመታው አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነው። ተቃራኒው ይቡስ ነው። ታዲያ ተጠርቦ ቤት የተሸከመ ምሰሶ እንዴት እርጥብ ይባላል? ውሃ ከገባው «ራሰ» ነው የሚባለው።

መጋዝ፦
የኔታ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ራሰ ካልን አንባቢው ውሃ የሚንጠባጠብበት እንጨት ነው የሚታየው። የቤት ውስጥ እንጨት እኮ 12 በመቶ አካባቢ እርጥበት ይዞ እጅ ሲነካው ደረቅ ነው። ውሃው እንጨቱ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ህዋሳት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ከ28 እስከ 30 በመቶ ሲያልፍ ነው ነፃ ውሃ በህዋሳቱ ባዶ ቦታ መጠራቀም የሚጀምረው። ቁጥሩ የሚሰላውም ውሃውን ለደረቁ እንጨት ክብደት በማካፈል ነው። በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያደርቁታል። ስለዚህ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከ100 በመቶ በላይ እርጥበት ቢኖረው አትደንግጡ፣ የትርጉም ስህተት አይደለም።

ጠብታ፦
እኔ የሚመስለኝ እርጥብ ውስጥ «ጠብ» አለ። ጠብ ጠብ አለ እንደምንለው። እር + ጠብ።

ዘዲማ፦
አይሆንም ልጄ። ረ ሥር ፊደል ነው፣ ተነቅሎ አይጣልም። እ ግን ርን ለመደገፍ የገባ ነው፣ እርሾና እርምጃ ላይ እንዳለው። ቅኔ ቤት ሳይቀመጡ ሥር መቆፈር አይቻልም።

ዶሃ ነኝ፦
የኔታ ልክ ናቸው። ዓረብኛውም ረ፣ ጠ፣ በ ነው። እዚህ ከዛፍ የወረደውን ለስላሳ ተምር «ሩጠብ» ይሉታል፣ ሲደርቅ ነው «ተምር» የሚባለው። ትኩስነቱን እንጂ መታጠቡን አይናገርም።

ሐይፋ፦
ዕብራይስጡ ግን ሁለቱንም ይዟል። ዛሬ «ረጦብ» ያልደረቀ ልብስም ነው፣ የታጠበ ወለልም ነው። ኢዮብ 8፥16 ላይ ግን ለለመለመ ተክል ነው የገባው። ስለዚህ አንዱን ትርጉም ብቻ ይዞ መከራከር አያዋጣም።

ዘዲማ፦
ስለ ዕብራይስጡ አልከራከርም። እኔ የምናገረው ስለ ግእዙ ነው፤ ራሰ የሚመጣው ከርሕሰ ነው፣ ሐው ወድቆ። ሰሐበ ሳበ፣ መሐረ ማረ፣ ለሐሰ ላሰ እንደሆነው። ለውሃ የገባው ቃል ይኼ ነው።

መጋዝ፦
የኔታ፣ የፓሪሱን ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን እንይ። በ2019 ጣሪያው ተቃጠለ። እንደገና ሲሠራ አናጺዎቹ የባሉጡን ግንድ ሳይደርቅ በመጥረቢያ ጠርበው ሰቀሉት። ተቆርጧል፣ ተጠርቧል፣ ምሰሶ ሆኗል። እኔ እርጥብ እንጨት ነው የምለው፣ ሌላ ስም የለኝም።

አሁን ወደ ብራና ልመለስ፣ አርታዒሽ ተሳስቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ ውስጥ በተለያየ ጥልቀት የሙቀት መለኪያ ሽቦ ይቀበራል። አንዱ ጥልቀት ላይ ሙቀቱ ይወጣ ይወጣና 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ውሃው እየፈላ ሙቀቱን ስለሚበላው ነው። ከዚያ ሲደርቅ እንደገና ይወጣል፣ 300 ገደማ ላይ ይከስላል። እንፋሎቱ ግን ሁሉም ወደ ውጭ አይወጣም። ግፊቱ ከፊሉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፣ ቀዝቃዛው እንጨት ጋ ሲደርስ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከ100 ዲግሪው መስመር ኋላ ያለው ቦታ ከእሳቱ በፊት ከነበረው የበለጠ እርጥበት ይይዛል። አሜሪካ ማዲሰን ያለው የደን ውጤቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ ኋይትና ሻፈር በ1981 ስለዚሁ ጽፈዋል።

ጠብታ፦
እየነደደ እንዴት ይለካል? በምድጃው ማድረቅ አይቻል።

መጋዝ፦
ጥሩ ጥያቄ። ሁለት ሚስማር ይተከልና ኤሌክትሪክ ይላካል። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ እርጥበቱ ሲጨምር ያሳልፋል። መሣሪያው የሚታመነው ከ7 እስከ 30 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። ችግሩ የጋለ እንጨትም ኤሌክትሪክ በቀላሉ ማሳለፉ ነው። በሙቀቱ ልክ ካልታረመ ቁጥሩ ከእውነቱ በልጦ ይወጣል። ስለዚህ ከሚስማሩ ጎን የሙቀት ሽቦ የግድ ነው። ብራና ይህን ለአርታዒሽ አሳዪው። «እርጥበቱ ጨመረ» ማለቱ የተለካ ነገር ነው።

ብራና፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ጨመረ» ይቆያል ማለት ነው። ሸሸ ወይስ ሰረገ የሚለውስ?

ዶሃ ነኝ፦
ሰረገ። ሸሸ ለሰውና ለከብት ነው።

ጠብታ፦
ሰረገ እኮ ወደ ታች ነው፣ ዝናብ መሬት ውስጥ ሲሰርግ። የእንጨት ምሰሶ ላይ እሳቱ ከጎን ነው የሚመጣው።

ሐይፋ፦
«ሰርጎ ገብ» የሚባለውስ ወደ ታች ነው የሚገባው? በጎንም በስንጥቅም ይገባል። ግን እንፋሎት ሳለ «ሰረገ» ይባላል ወይስ ውሃ ከሆነ በኋላ ነው? እኔን የከበደኝ እሱ ነው።

መጋዝ፦
እንፋሎት ሳለ «ተገፋ»፣ ውሃ ሲሆን «ሰረገ» ብንልስ? ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚሆኑት ግን።

ዘዲማ፦
መጀመሪያ ፊደሉን አስተካክሉ። በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ሠርግ ከሠርገወ ነው፣ ማስጌጥ ነው፣ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም።

ጠብታ፦
እንዴት የለውም የኔታ? ሠርገኛስ ተሰልፎ ሰርጎ አይደል ቤት የሚገባው?

ዘዲማ፦
የለውም አልኩ። ይኼ ልብስና ልብ አንድ ሥር ናቸው እንደማለት ነው። መዝገበ ቃላት ያለው ሰው ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስቶ ያምጣና እንየው።