አዲሶቹ ቅጠሎቹ አልሰነጠቅ ስላሉት ፊሎዴንድሮን

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢያችን፣ ከምሥራቁ ግንብ ሥር፣ ቅጠሉ የሚሰነጠቅ ፊሎዴንድሮን አለን፤ ብዙዎች ሞንስቴራ የሚሉትን፣ ከሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ሞቃትና እርጥብ ደን ዛፍ ላይ እየወጣ የሚያድገውን ማለቴ ነው። ክረምቱን በደህና ቢያሳልፍም፣ ከኅዳር ወዲህ የሚያወጣቸው ቅጠሎች ትንንሽና ያልተሰነጠቁ ናቸው፤ የቀድሞዎቹም ጠርዛቸው እየጠቆረ ነው። ግንቡ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ስለሚያገኝ የብርሃን እጥረት ነው ለማለት አልደፍርም። ይልቁንም የምጠረጥረው የሌሊቱን ብርድ ነው፤ ተክሉ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ይጎዳል፣ የታኅሣሥ ሌሊታችን ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ይሁንና መረሬው አፈር የክረምቱን ውሃ አቁሮ ሥሩን አበስብሶት ቢሆንስ? ሁለቱን በምን እንደምለይ፣ የጠቆሩትን ቅጠሎች አሁን ልቁረጥ ወይስ ብርዱ እስኪያልፍ ልተዋቸው፣ ከግንዱ የወጡትንም ሥሮች ወደ አፈር ልምራቸው እንደሆነ፣ በደጋ አገር ያሳደጋችሁት ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።