የሹፌሮች ማኅበራችን የኤሊ ምክር ረቂቅ፦ እስከ ሐሙስ አስተያየታችሁን አስገቡ

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ሐሙስ አራት ኪሎ ቢሮ ተፈርሞ ለአስጎብኚ ድርጅቶች ይገባል። ለፎቶ ብሎ ኤሊ ያቀፈው ልጅ የሁላችንንም ሥራ እንደጎዳ ታውቃላችሁ። ከመተሐራ እስከ ሰመራ፣ በማደሪያ ግቢም ሆነ በመንገድ ላይ ኤሊ ስታገኙ አትንኩ። እንግዳም እንዳይነካ። አስፋልት መሀል ከሆነች ብቻ በሁለት እጅ ያዙ፣ ከመሬት ብዙ አታርቋት፣ አትገልብጧት፣ ፊቷን ወዳዞረችበት ዳር አድርሷት። ቆማችሁ ከነበረ ከመነሳታችሁ በፊት መኪናው ሥር እዩ፤ ጥላ ፍለጋ ትገባለች። ለማስታወሻ ሁሉም መኪና ላይ የኤሊ ስቲከር ይለጠፋል።

ነጭ ላንድክሩዘር፦ ወደመጣችበት ብንመልሳትስ?

ፀሐፊ፦ ዞራ እንደገና ልትሻገር ትመጣለች። ያኔ ሲኖትራክ ያገኛታል።

ነጭ ላንድክሩዘር፦ እሺ። ስቲከሩ ግን አይሆንም። እኔ ጠዋት ወጥቼ ለመክሰስ ድሬ የምገባ ሰው ነኝ። ኤሊ ለጥፌ ደንበኛ ምን ይበለኝ?

ኮስትር፦ እውነቱን ነው። ለሹፌር ኤሊ ስድብ ነው።

የካዛንቺሱ፦ ሳላ ይሁን። የአዋሽ ፓርክ ጌጥ ቀንደ ረጅሙ ሳላ ነው። ይሮጣልም።

ፀሐፊ፦ ስለ ኤሊ እያወራን ሳላ እንለጥፍ?

የካዛንቺሱ፦ ታዲያ ኤሊ ለጥፈህ አዳማ መንገድ ላይ ባጃጅ ይሳቅብህ።

ጋሼ ፊያት፦ ስቲከሩን ተዉትና ወረቀቱን አንብቡ። ዋናው ነገር የለም። ኤሊ ስትደነግጥ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቃለች። እኔም ሱሪዬ ላይ ለቃብኛለች፤ ሳቅን እንጂ ምን እንደጎዳናት አልገባንም። በበጋ የምትኖረው በዚያ ውሃ ነው። አሜሪካ፣ ሞሐቪ በረሃ፣ ሰው ቤቱ አጠገብ ሲያገኛት እንዳያነሳት የሚነገረው ለዚህ ነው። እዚያ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይጠብቃታል።

ኮስትር፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ስቲከሩስ?

ፀሐፊ፦ እጨምረዋለሁ፣ ጋሼ። ደግሞ አንዳንድ ማደሪያዎች ለእንግዳ መዝናኛ ብለው ኤሊ ግቢ ውስጥ ያስቀራሉ፣ ዳቦ ይሰጧታል። ማን ያናግራቸው?

ዶልፊን፦ ቅዳሜ ወደዚያ ነኝ። ለኔ ተዉት።

ሒሳብ ያዥ፦ ስቲከር በመኪና 150 ብር። የፒያሳው ማተሚያ ፈርሶ ስለተዛወረ የትራንስፖርት አለበት።

የካዛንቺሱ፦ ለኮፍያ የሰበሰባችሁት የት ገባ?

ሒሳብ ያዥ፦ ሌባ ነህ በለኛ! ደረሰኙ ቢሮ አለ፣ ዓይን ካለህ መጥተህ እይ።

የካዛንቺሱ፦ ሌባ አልወጣኝም። ኮፍያ ነው ያልኩት።

ጋሼ ፊያት፦ በቃችሁ። እንደ ልጅ።

የካዛንቺሱ፦ እሺ ጋሼ።

ፀሐፊ፦ ዶልፊን፣ ማደሪያዎቹን አናገርካቸው? ቅዳሜ አልፏል።

ፀሐፊ፦ ዶልፊን?

ነጭ ላንድክሩዘር፦ እሱን ተወው። ሳላው ሥር የማኅበሩ ስልክ ይግባበት። ሥራ ያመጣል።

ኮስትር፦ ስልኩ ይተልቅ። ሳላው ጥግ ላይ ይሁን።

ፀሐፊ፦ የኤሊው ምክርስ?

ነጭ ላንድክሩዘር፦ በጀርባው ይጻፍ።

ፀሐፊ፦ ጀርባው እኮ ሙጫ ነው!

ሒሳብ ያዥ፦ ስልኩ ከተለቀ 200 ብር ነው። በቴሌብር አስገቡና ማረጋገጫውን እዚህ ላኩ። እስካሁን የከፈሉት ጋሼ ብቻ ናቸው።