ኮንስትራክሽን፣ ኢነርጂና አካባቢ ሕግ ላይ ጠበቃ መሆን፦ ከጎንደር ሆኖ ይሠራል?

አዘዞ_ሕግ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነኝ፣ ዐቃቤ ሕግ። ሥራውን ለቅቄ የጥብቅና ፈቃድ ላወጣ እየተዘጋጀሁ ነው። ፍቺ፣ ውርስና የይዞታ ክርክር ላይ እዚህ ከተማ ጠበቃው ሞልቷል፤ እኔ ያሰብኩት ኮንስትራክሽን፣ ኢነርጂና አካባቢ ጥበቃ ላይ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ መያዝ ያዋጣል? አዲስ አበባ ሳይገቡ ይሠራል? ማስተርስ ይቅደም ወይስ ሥራው? እባካችሁ "ብዙ አንብቢ" ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። የቱ ሕግ፣ የቱ ቁጥር፣ ሰው የሚወድቀው የቱ ጋ እንደሆነ ብትነግሩኝ ነው የሚጠቅመኝ።

ፒያሳ_ጠበቃ፦
እህቴ፣ ሦስቱ ስማቸው አብሮ ይጠራ እንጂ ገበያቸው እኩል አይደለም። እንጀራው ኮንስትራክሽን ነው። ኢነርጂ ከጎንደር ሲታይ ባብዛኛው የኤሌክትሪክ መስመር ያደረሰው ጉዳትና መስመሩ ሲዘረጋ የሚነሳ የካሳ ክርክር ነው። የኃይል ግዢ ውልና የመንግሥትና የግል አጋርነት (አዋጅ 1076/2010) ድርድር አዲስ አበባ ተጀምሮ አዲስ አበባ ያልቃል። አካባቢ ላይ ደግሞ የሚከፍልሽ ባለሀብቱ እንጂ ወንዙ የተበከለበት ገበሬ አይደለም። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ኮንስትራክሽን ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "አሠሪው ማነው?" ነው። ግለሰብ ከሆነ ከፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 3019 እስከ 3040 ያለውን ትይዣለሽ። መንግሥት ከሆነ ጉዳዩ የአስተዳደር ውል ስለሚሆን ከ3131 ጀምሮ ያለው ጠቅላላ ክፍልና ከ3244 እስከ 3296 ያለው የሕዝብ ሥራዎች ውል ይመጣል። ልዩነቱ ገንዘብ ነው። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ናረብኝ የሚል ተቋራጭ አሠሪው ግለሰብ ከሆነ ቁ. 1764 ይገጥመዋል፤ ግዴታው ስለከበደ ብቻ ዳኛ ውል አያሻሽልለትም። የአስተዳደር ውል ከሆነ ግን ከቁ. 3183 ጀምሮ ያልታሰበ ሁኔታ የሚስተናገድበት በር አለ። ክሱን ስትጽፊ የተሳሳተውን ክፍል ከጠቀስሽ መልስ ሰጪው በሁለት ገጽ ይጨርስሻል።

ቁ. 3039ን በቃልሽ ያዢው። ተቋራጩ ለሥራው አሠራርና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ይጠየቃል፤ ጊዜውን የሚያሳጥር የውል ቃል አይጸናም። ብዙ ተቋራጭ የአንድ ዓመቱ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አልፎ የመጨረሻ ርክክብ ሲፈረም ነፃ የወጣ ይመስለዋል። "አፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" የሚለውም አያስጥለውም፤ ድንጋጌው ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ የተነሳ የደረሰውን ጉዳት በስም ጠቅሶ ያካትታል። መረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ክረምት አብጦ በጋ ሲሰነጠቅ የመጀመሪያው ክርክር ይኸው ነው።

ግልግልን (ከፍርድ ቤት ውጭ ተዋዋዮቹ በመረጡት ዳኛ የሚሰጥ ውሳኔ) በተመለከተ፦ ውሉ ውስጥ የግልግል አንቀጽ ስላየሽ ብቻ ወደዚያ አትሩጪ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁ. 315(2) የአስተዳደር ውልን ከግልግል ያስወጣ ነበር፤ አሁን ያለው አዋጅ 1237/2013 አንቀጽ 7ም የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በግልግል አይታይም ይላል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የተፈረመ ውል ከሆነ ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ የትኛው እንደሆነ አስቀድመሽ ካላገኘሽ፣ የተፈረደልሽ ገንዘብ አፈጻጸም ላይ ይቀራል።

ስለ አዲስ አበባ የጠየቅሽው፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛውን፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥልጣን ደርበው እንዲሠሩ ያደርጋል። ስለዚህ እንደ መንገዶች አስተዳደር ያለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲከሰስ ክሱ እዚሁ ክልል ሊቀርብ ይችላል። መስመሩ አዋጅ 1234/2013 ያሰመረው 10 ሚሊዮን ብር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያለው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃው (እዚህ የክልል ከፍተኛው)፣ ከዚያ በላይ ያለው የፌዴራል ከፍተኛው (እዚህ የክልል ጠቅላይ) ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት ከፍተሽ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሲመጣ ወራት ይባክናሉ።

ሳይት_ኢንጂነር፦
ጠበቃ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልፏል። የክሌም (የተቋራጩ የተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ጥያቄ) ዕድል የሚሞተው ሳይት ላይ ነው።

የፊዲክን (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀዩን መጽሐፍ፣ ማለትም መደበኛ የግንባታ ውሉን፣ የ1999 (እ.ኤ.አ.) እትም ያዢ። አንቀጽ 20.1፦ ተቋራጩ ነገሩን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ካልሰጠ ጊዜም ገንዘብም የለውም። ዝርዝሩ በ42 ቀን ውስጥ ይገባል፣ መሐንዲሱም (ውሉን ለአሠሪው የሚያስተዳድረው) በ42 ቀን ይመልሳል። የ2017ቱ እትም ማስታወቂያውን 28 ላይ ትቶ ዝርዝሩን 84 ቀን አድርጎታል። አገር ውስጥ ግን በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር መደበኛ ውልና የመንግሥት ግዥ የጨረታ ሰነድም ያጋጥሙሻል። ቀናቱ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ልዩ ሁኔታው (ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ የተጻፈው የውል ክፍል) ደግሞ ሁሉንም ይገለብጣል፤ መጀመሪያ እሱን አንብቢ።

ለጎንደር የሚሆን ምሳሌ ልስጥሽ። በፋሲል ግቢ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ሲቆፈር የድሮ ግንብ መሠረት ወጣ እንበል። ግቢው ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ግንቡን አፍርሶ መቀጠል በቅርስ አዋጁ (209/1992) ያስጠይቃል። ፊዲክ አንቀጽ 4.24 ደግሞ እንዲህ ያለውን ግኝት ለይቶ ያነሳል፤ ተቋራጩ ያሳውቃል፣ መሐንዲሱ መመሪያ ይሰጣል፣ በዚህ የባከነ ጊዜና ወጪ ይጠየቃል። አሠራሩ፦ ቁፋሮው በዚያ ነጥብ ይቁም። በዚያው ቀን ደብዳቤ ለመሐንዲሱ ይግባ፣ ግልባጭ ለአሠሪው፤ 4.24 እና 20.1 በቁጥር ይጠቀሱ። ፎቶው ቀንና የቦታ ኪሎ ሜትር ንባብ ያለው ይሁን። ከዚያ በየቀኑ የቆመው ኤክስካቫተርና ገልባጭ በሰሌዳ ቁጥር፣ በሰዓትና በኦፕሬተር ስም ተመዝግቦ ተቆጣጣሪው ይፈርም። "እንቢ አልፈርምም" ካለ "ቀርቦለት አልፈረመም" ተብሎ በዚያው ቀን በደብዳቤ ይላክ።

የሚበላሸው የት ነው? ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ቃለ ጉባኤ ላይ ስለሠፈረ ማስታወቂያ ተሰጠ ብሎ ማሰብ። በቴሌግራም ፎቶ መላክ። ደብዳቤውን ለአሠሪው ብቻ ሰጥቶ መሐንዲሱን መርሳት። ገቢ የሆነበት ማኅተምና ቀን የሌለው ቅጂ ማስቀረት። የጸደቀ የሥራ መርሐ ግብር ሳይኖር "ወሳኙ መስመር (ቢዘገይ ፕሮጀክቱን ሁሉ የሚያዘገየው የሥራ ተከታታይ) ዘገየ" ብሎ መከራከር።

ሌላው ለዚህ አካባቢ የሚያስፈልግ የፀጥታ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 19.2 ለአስገዳጅ ሁኔታ የሚሰጠው 14 ቀን ብቻ ነው፤ 28 ቀን አለኝ ብሎ የተቀመጠ ተቀድሟል። በ19.4 ጦርነት፣ አመፅና ሁከት ጊዜም ወጪም ሊያስገኙ ይችላሉ (ከጦርነት በቀር ያሉት ግን እዚሁ አገር ውስጥ የደረሱ መሆን አለባቸው)፤ የተፈጥሮ አደጋ ግን ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገኘው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ "ከአቅም በላይ" ብሎ መድፈን አይበቃም፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጻፍ።

የመዘግየት ቅጣት ስሌትም ልመጂ። ብዙ የመንግሥት ውል ላይ በቀን ከሺህ አንድ ሆኖ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። በ50 ሚሊዮን ብር ውል በቀን 50,000 ብር ማለት ነው፤ በ100 ቀን ጣሪያው ይሞላል፣ ከዚያ አሠሪው ማቋረጥን ያስባል። ቅጣቱ ባልተረከበው ሥራ ላይ ነው ወይስ በጠቅላላ ዋጋ ላይ የሚሰላው? ውሉን ሳታዪ አትመልሺ።

ቀበሌ_ልጅ፦
ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ግን ጎንደር ላይ ፊዲክ የሚያነብ ተቋራጭ ስንት አለ? አብዛኛው ክርክር ባለ ሁለት ገጽ ውልና ባለ እጅ ጽሑፍ ደረሰኝ ነው።

ፒያሳ_ጠበቃ፦
@ቀበሌ_ልጅ ልክ ብለሃል፤ ባለ ሁለት ገጹም ግን ጠበቃ ያስፈልገዋል። እንደውም እሱ ላይ ተጨማሪ ሥራ ሳይጻፍ ስለሚታዘዝ ሁሉም ነገር የምስክርና የባለሙያ ልኬት ይሆናል።

የናሙና_ጠርሙስ፦
የአካባቢውን ልጨምር። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11ን ብዙ ጠበቃ ሳያነብ ያልፋል። ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አቤቱታውን ሳያስገቡ በቀጥታ ፍርድ ቤት መግባት አንድ ስህተት ነው፤ አስገብቶ 60ውን ቀን ማሳለፍ ሁለተኛው። ያስገባሽበት ቀን ማኅተም ከሌለ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ ማስረዳት አትችይም።

ማንን ትከሻለሽ የሚለውም ወሳኝ ነው። የአቃቂ ወንዝን ብክለት ይዞ ተቆጣጣሪውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የከሰሰ ማኅበር ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። በካዩን ራሱን ተከሳሽ ማድረግ ይሻላል። ካሳ ከተፈለገ ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለሽ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 2143።

ማስረጃው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይበላሻል። ናሙና ከሦስት ቦታ፦ ከፍሳሹ በላይ፣ መውጫው ላይ፣ ከፍሳሹ በታች። የላይኛው ከሌለ ተከሳሹ "ከላይ ተበክሎ ነው የመጣው" ይላል፣ መልስ የለሽም። ለቢኦዲ (በውሃው ውስጥ ያለው ብስባሽ የሚፈጀው ኦክስጅን ልኬት) የተወሰደው በረዶ ባለበት ሳጥን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተይዞ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው ይጀመር። ለክሮሚየምና ለሌሎች ብረቶች በተለየ ጠርሙስ፣ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ከ2 በታች ወርዶ። ላቦራቶሪው ባሕር ዳር ከሆነ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለብሽ፤ ዓርብ ከሰዓት ናሙና አታስወስጂ። ጠርሙሱ ሲታሸግ፣ ለሾፌሩ ሲሰጥና ላቦራቶሪ ሲገባ ፊርማና ሰዓት ይኑር። ከተቻለ መሥሪያ ቤቱ የሁለቱ ወገን ሰው ባለበት ይውሰድ።

ለባለሀብት ስትሠሪ ደግሞ አዋጅ 299/1995 ነው፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይጸድቅ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መስጠት የለበትም። ሰው የሚሳሳተው ከጸደቀ በኋላ ነው። የአካባቢ ጥበቃ አያያዝ ዕቅዱ ላይ ቃል የተገባው ማጣሪያ ገንዳ አልተሠራም፣ ቁጥጥር ሲመጣ ፋይሉ ባዶ ነው። ጉዳዩ ከፓርክ ጋር ከተነካካ ከአገር ውስጥ ፈቃድ በላይ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ ከተነሱት ነገሮች አንዱም በፓርኩ የሚያልፈው መንገድ ነው።

አዘዞ_ሕግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የፈለግሁት ይኸን ነው። ኢነርጂውን አሳጠራችሁት ግን። ለምሳሌ የወደቀ የከፍተኛ ኃይል መስመር ከብት ወይም ሰው ቢገድል ቸልተኝነት ማስረዳት አለብኝ?

ፒያሳ_ጠበቃ፦
የለብሽም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትን በስም ጠርቶ ያለ ጥፋት ኃላፊ ያደርጋል። ከአቅም በላይ ነበር የሚለው መከላከያም በቁ. 2086 አይሠራም፤ የሚቀንሰው ወይም የሚያስቀረው የተጎጂው ጥፋት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ "ሽቦው ቀድሞ ወርዶ ነበር ወይስ ሰውየው ምሰሶው ላይ ወጣ?" የሚለው ላይ ይወድቃል። ሽቦው ሳይነሳ በዚያው ቀን የፖሊስ ፕላን፣ ከመሬት ያለው ከፍታ በሜትር ተለክቶ፣ የምሰሶው ቁጥር ተጽፎ፣ የሕክምና ወይም የአስከሬን ምርመራ ማስረጃ። የጥገና ቡድን ደርሶ ካስተካከለው በኋላ የሚነሳ ፎቶ ዋጋ የለውም። ቀድሞ ስለ መስመሩ መርገብ የገባ አቤቱታ ካለ ደግሞ ቅጂውን ፈልጊ። አንድ ጥንቃቄ፦ የቤት ውስጥ ቆጣሪና ዝቅተኛ መስመር ያደረሰው ጉዳት በ2069 ሥር መውደቁ ያከራክራል፤ እዚያ ላይ ጥፋትንም በአማራጭ አቅርቢ።

መስመሩ ሲዘረጋ ለሚወሰድ ይዞታ የሚከፈለውን ካሳ በተመለከተ አዋጅ 1161/2011ን ከማሻሻያው ጋር ያዢ። ቅሬታ ሰሚው ጋ 30 ቀን፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፤ ደረጃ መዝለል አይቻልም። ባለይዞታው የቆጠራ ቅጽ ላይ ሲፈርም አብረሽ ሁኚ። ባሕር ዛፉ በዕድሜ ተለይቶ ካልተቆጠረ ችግኙም ምሰሶ የሚሆነውም በአንድ ዋጋ ይገባል።

ማራኪ_ግቢ፦
ስለ ማስተርስ። "ባሪስተር ልሁን" ብለሽ እንግሊዝ አገር ማለም አያስፈልግም። እዚያ ጠበቃው ባሪስተርና ሶሊሲተር ተብሎ ተከፍሏል፤ ባሪስተሩ የሕግ ሥልጠናውን ጨርሶ 12 ወር በልምድ ባለሙያ ሥር ይሠለጥናል፣ የኮንስትራክሽኑን ክርክር የሚያየውም ለንደን ያለው የቴክኖሎጂና ኮንስትራክሽን ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጋ ክፍፍሉ የለም፣ ያው አንድ ጠበቃ ጽፎም ይከራከራል። ይልቅ ከነሱ የሚወሰደው የመዘግየት ትንተናና የግልግል አሠራር ነው። ከማስተርሱ በፊት አንድ መሐንዲስ ይዘሽ የክፍያ ሰርተፍኬት፣ የሥራ ዝርዝር ከነዋጋውና የፕሪማቬራ (የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር) መርሐ ግብር ማንበብ ልመጂ። ይህን የማያውቅ ማስተርስ ያለው ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይጋለጣል።

ሳይት_ኢንጂነር፦
ደንበኛ የምታገኚው በክስ አይደለም። መካከለኛ ተቋራጮች ጋ ሄደሽ በወር ክፍያ የውል አስተዳደር ደብዳቤዎቻቸውን ልያዝ በያቸው፤ አብዛኞቹ ነገረ ፈጅ የላቸውም። አዋጅ 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ስለፈቀደ ከአዲስ አበባ ጠበቃ ጋር መጣመርም ይቻላል። አሠሪውንና ተቋራጩን በአንድ ከተማ ተራ በተራ መያዝ ግን የጥቅም ግጭት ያመጣል፤ ጎንደር ትንሽ ናት።

ሰነድ ሲሰጡሽ መጀመሪያ ልዩ ሁኔታውን ገልጠሽ ሦስት ቦታ ተመልከቺ፦ የዋጋ ማስተካከያ ተሰርዟል ወይ፣ የማስታወቂያው ቀን ስንት ሆኗል፣ ዋስትናው በመጀመሪያ ጥያቄ (ጥፋት ሳይረጋገጥ) የሚከፈል ነው ወይ። የዋስትናው ወረቀት ላይ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን መጻፉንም እይ፤ ዋስትና ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 1922(3) መጠኑ ያልተገለጸውን ዋጋ ያሳጣዋል። ይህን ማየት ያለብሽ ጨረታው ሳይከፈት፣ ማብራሪያ መጠየቅ በሚቻልበት ጊዜ ነው።