ጉም ሲወርድ ማን ይወስን? ኮክፒቱ ወይስ ማማው?

ጦሳ፦ የኮምቦልቻ ማኮብኮቢያ አንድ ስለሆነ ሁለት አውሮፕላን ጎን ለጎን የማሳረፍ ነገር እኛን አይነካም የምትሉ አላችሁ። ይነካናል እንጂ። ከኮምቦልቻ ተነስተን የምናርፈው ቦሌ ነው፣ ቦሌ ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት አለው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ሲያርፉ የጎረቤቱን ቦታ የሚያሳይ ስክሪን ለአብራሪው ተሰጥቶት እሱ ይወስን ወይስ ተቆጣጣሪው? እኔ አብራሪው ባይ ነኝ። ሳንፍራንሲስኮን እዩ። ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች መሃል ለመሃል የሚራራቁት 229 ሜትር ገደማ ነው። ለዓመታት ሰማዩ ሲጠራ አብራሪዎቹ እየተያዩ አብረው ይወርዱ ነበር፣ ጉም ሲመጣ ግን የሚያርፈው አውሮፕላን ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንስ ነበር።

ቦርከና፦ ወንድሜ፣ መዘግየት አይገድልም። ሁለት አዛዥ ግን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን፣ ኡበርሊንገን ላይ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጩ። አንደኛውን፣ ቱፖሌቩን፣ ተቆጣጣሪው ውረድ አለው፣ ውስጡ ያለው የግጭት መከላከያ ማሽን ውጣ አለው። አብራሪው ተቆጣጣሪውን ሰማ። 71 ሰው አለቀ። አንተ ሌላ ስክሪን ልትጨምርበት ነው?

ጦሳ፦ ኧረ እሱማ የኔ ማስረጃ ነው! ማሽኑን ቢሰማ ኖሮ ይተርፉ ነበር። እስቲ አስሉት። አንዱ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር እየመጣ 20 ዲግሪ ወደ ጎረቤቱ ቢታጠፍ 229 ሜትሯን በ9 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳታል። ተራው የኤርፖርት ራዳር አንድ ዙር ለመዞር ብቻ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ተቆጣጣሪው አይቶ፣ ገብቶት፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ የበረራ ቁጥር ጠርቶ... በቃ፣ አለቀ። ኤዲኤስ-ቢ በሚባለው ዘዴ ግን አውሮፕላኑ ራሱ ቦታውን በየሰከንዱ ገደማ ይልካል።

ፒያሳ፦ አሁን ያለው ቲካስ፣ ያው የግጭት መከላከያው ማሽን፣ አይበቃም እንዴ?

ጦሳ፦ አይበቃም እህቴ። ቲካስ ውጣ ወይ ውረድ ነው የሚለው፣ ወደ ጎን ዞር በል አይልም። ከ1,000 ጫማ በታች ደግሞ ትዕዛዝ መስጠቱን ያቆማል። ናሳ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሞከረው ሌላ ነው። ጎረቤቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ከመስመሩ ከወጣ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከባሰ አብራሪው ሽቅብ እየወጣ ወደ ውጭ ይታጠፋል።

ቦርከና፦ ወደ ውጭ ወዴት? ተራራ ቢኖርስ? በደመና ውስጥ፣ በዝቅታ፣ በድንጋጤ መታጠፍ ቀላል መሰለህ? ማኮብኮቢያዎቹን አራርቆ መስራት ይሻላል። አሜሪካኖቹ እኮ ወደ 1,100 ሜትር ከተራራቁ እያንዳንዱን ለብቻው ያሳርፋሉ። ቢሾፍቱ ላይ ለአዲሱ ኤርፖርት አራት ማኮብኮቢያ ታቅዷል፣ እዚያ ቦታ አይቆጠብ።

ጦሳ፦ ቢሾፍቱ ላይ እሺ። ቦሌንስ ምን ልታደርገው ነው? ዙሪያውን ቤት ነው፣ ማኮብኮቢያውን ወዴት ትገፋዋለህ?